የሆቴል ነጥብ ዋጋው ሲለዋወጥ፦ ከጎንደር የአንድ አስጎብኚ ተሞክሮ

ጎንደር ውስጥ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት አለኝ። እንግዶችን ለመቀበልና ለመሸኘት አዲስ አበባ ስመላለስ፣ በሙያችን ዐውደ ርእዮች ለመገኘትም ወደ ውጭ ስወጣ፣ ዓለም አቀፍ ስም ባላቸው ሆቴሎች ባደርኩ ቁጥር የታማኝ ደንበኛ ነጥብ ሲጠራቀምልኝ ኖሯል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ነጥብ አጠራቅመው ለነገ ያስቀመጡ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚጓዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የተራድኦ ድርጅት ሠራተኞች፣ ነጥባቸው ቁጥሩ ሳይጎድል አቅሙ እየቀነሰ መሆኑን እንዲረዱና የቀራቸውን በአግባቡ እንዲጠቀሙበት ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ማሪዮት፣ ሒልተን፣ ሃያትና ሌሎችም ታላላቅ የሆቴል ኩባንያዎች አባል ለሆነ እንግዳ በከፈለው ገንዘብ ልክ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ማሪዮትና ሒልተን በአብዛኞቹ ሆቴሎቻቸው ለአንድ ዶላር 10 ነጥብ፣ ሃያት ደግሞ 5 ነጥብ ይመዘግባሉ። ነጥቡ የሚገኘው ግን አልጋው በቀጥታ ከኩባንያው ሲያዝ ነው፤ በሻጭ ድረ ገጽ ወይም በአስጎብኚ ድርጅት የጅምላ ዋጋ የተያዘ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ አያስገኝም። ጎንደር ካሉት ሆቴሎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ኩባንያዎች ውጭ ስለሆኑ፣ የእኔ ነጥብ የተጠራቀመው አዲስ አበባና ውጭ አገር ባደርኳቸው አዳሮች ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ነጥብ ከቅናሽም በላይ ነው። በብር የሚያገኝ ሰው ውጭ አገር አልጋ ለመያዝ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል፤ ምንዛሪ ለማግኘት ደግሞ ምን ያህል ወረፋ፣ ምን ያህል ደብዳቤና ምን ያህል ደጅ መጥናት እንደሚጠይቅ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ በብር ከፍዬ ያገኘሁት ነጥብ በርሊን ወይም ናይሮቢ ላይ ያለ አንድ ዶላር አልጋ ሲያስገኝልኝ፣ ባንክ ሊሰጠኝ ያልቻለውን ምንዛሪ የሚተካ ሀብት ነበር። ስለዚህም የነጥቡ መርከስ አበልና የባንክ ካርድ እንደልብ ከሚያገኝ የሌላ አገር ተጓዥ ይልቅ እኛን በብርቱ ይጎዳል። ይህን ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ ጠበቅ አድርጌ መናገር ፈለግሁ።

ቀድሞ ነገሩ ግልጽ ነበር። ኩባንያዎቹ ሆቴሎቻቸውን በደረጃ ከፍለው የእያንዳንዱ ደረጃ አዳር ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ በሠንጠረዥ ያሳውቁ ነበር። ለምሳሌ ማሪዮት እስከ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ድረስ በነበረው ሠንጠረዥ ስምንት ደረጃዎች ነበሩት፤ አምስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሆቴል በቀዝቃዛ ወቅት (እንግዳ በሚያንስበት) 30,000፣ በመደበኛ ወቅት 35,000፣ በሞቃት ወቅት (እንግዳ በሚበዛበት) 40,000 ነጥብ ይጠይቅ ነበር። ሰው ሠንጠረዡን አይቶ፣ ይህን ያህል ከጎደለኝ ይህን ያህል አዳር ብጨምር ይሞላልኛል ብሎ ማቀድ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን የገንዘቡ ዋጋ ሦስት እጥፍ በሚወጣበት ሳምንት እንኳ የነጥቡ ዋጋ ከተጻፈለት ጣሪያ አለማለፉ ነበር። የነጥብ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነበር ማለት እችላለሁ፤ በተረፈው ቀን ማንም በገንዘቡ ርካሽ አልጋ ያገኛል።

በእኛ ሙያ ያ ውድ ሳምንት የታወቀ ነው። አይቲቢ በርሊን የሚባለው ታላቁ የቱሪዝም ዐውደ ርእይ በየዓመቱ መጋቢት ወር መጀመሪያ አካባቢ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይካሄዳል፤ በዚያ ሳምንት በርሊን ውስጥ አልጋ ይወደዳል። እኔም ነጥብ የማጠራቅመው በዋናነት ለዚያ ሳምንት ነበር። ዐውደ ርእዩ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ፤ በአካል ተመልሶ የተካሄደውም በ2023 ነው። በዚህ መካከል የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ የፋሲል ግንብ ጎብኚ አጣ፣ ከጦርነቱም በኋላ በክልላችን የቀጠለው የጸጥታ ችግር ሥራችንን አዳከመው። ነጥቡን ያላወጣሁት ንፉግ ሆኜ ሳይሆን የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ ነው። ብዙ የጎንደር አስጎብኚዎች በዚያ ዘመን በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ እንደነበሩ አውቃለሁ።

ሥርዓቱም የተለወጠው እኛ ቤት በተቀመጥንበት ዘመን ነው። ሒልተን ቋሚ ሠንጠረዡን ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2017 አንሥቶ ነበር፤ ማሪዮት በመጋቢት 2022 ተከተለ፤ ሃያት በዚያው ዓመት ሠንጠረዡን ባያነሣም እያንዳንዱን ደረጃ በቀዝቃዛ፣ በመደበኛና በሞቃት ወቅት ከፍሎ የአንደኛውን ደረጃ ከ3,500 እስከ 6,500፣ የስምንተኛውን ከ35,000 እስከ 45,000 ነጥብ አደረገው። ሠንጠረዥ በሌለበት ሥርዓት የነጥቡ ዋጋ የገንዘቡን ዋጋ፣ የቀኑን ፍላጎትና የቀረውን አልጋ እየተከተለ በየዕለቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ አባል የሆንኩበትን ኩባንያ ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ ብቻ ስላልሆነ መጥራቱ አይጠቅምም። እንደገና ለዐውደ ርእዩ ለመጓዝ ስዘጋጅ ግን ቀድሞ ለሳምንቱ በሙሉ ይበቃኝ የነበረው ነጥብ፣ በዚያው ሆቴል፣ በዚያው ክፍል፣ ለግማሹ አዳር እንኳ የማይበቃ ሆኖ አገኘሁት። ከነጥቤ አንድም አልተቀነሰም፤ የነጥቡ የመግዛት አቅም ነው የሄደው።

ኩባንያዎቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ መረዳት ነጥብን በአግባቡ ለመጠቀም ስለሚረዳ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ስማቸው የተለጠፈባቸው ሆቴሎች አብዛኞቹ የኩባንያዎቹ ንብረት አይደሉም፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሲሆን ኩባንያው ስሙንና አሠራሩን ያከራያል ወይም ያስተዳድርለታል። እንግዳው በነጥብ ሲያድር ታዲያ ለባለቤቱ የሚከፍለው የኩባንያው የነጥብ ቋት፣ ማለትም ለነጥብ አዳሮች መክፈያ የተቀመጠው ገንዘብ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ሆቴሉ ባልሞላበት ሌሊት ቋቱ ለባለቤቱ አነስተኛ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ክፍሉ ባዶ ያድር ነበር። ሆቴሉ ሊሞላ ሲቃረብ ግን ለዚያ ክፍል የሚሰጠው ለገንዘብ ከፋይ ከሚሸጠው ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ነው። በቋሚ ሠንጠረዥ ዘመን በውድ ሌሊት የሚመጣውን ይህን ከባድ ወጪ የሚሸከመው ቋቱ ነበር። ዋጋው ሲለዋወጥ ሸክሙ ወደ አባሉ ዞረ።

ሁለተኛው ምክንያት የነጥቡ መብዛት ነው። በአሜሪካ ነጥብ የሚገኘው በማደር ብቻ አይደለም፤ ባንኮች ለካርድ ደንበኞቻቸው የሚያድሉት ነጥብ ከሆቴል ኩባንያዎቹ በጅምላ የሚገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሆቴሎችን ባዶ ባደረገበት ወቅት ሒልተን ለአሜሪካን ኤክስፕረስ የ1 ቢሊዮን ዶላር ነጥብ በቅድሚያ ሸጠ፤ ማሪዮትም ከአሜሪካን ኤክስፕረስና ከጄፒሞርጋን ቼዝ 920 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በዚሁ መንገድ አገኘ። ገንዘቡ ኩባንያዎቹን ከክፉ ቀን አሻግሯቸዋል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ነጥብ አንድ ቀን አልጋ ፍለጋ መምጣቱ አይቀርም። አልጋው በዚያው ልክ ካልጨመረ የነጥቡ ዋጋ ከመውረድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። እኛ የባንኮቹን ካርድ የማናገኘው በማደር ብቻ ያጠራቀምን ሰዎች ደግሞ የመርከሱን ዕዳ ከሌላው ጋር እኩል እንከፍላለን።

ዋጋ በመለዋወጡ ብቻ የምከራከር ሰው አይደለሁም። በጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 10 እስከ 12 ባሉት ቀናት፣ ጎንደር ውስጥ አልጋ ምን ያህል እንደሚወጣ ለእንግዶቼ የምናገረው እኔው ነኝ፤ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው መውጣቱን ማንም ይረዳል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እንግዳው ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል፤ ነጥቡን ያገኘው በተጻፈ ተስፋ ተማምኖ ሌላ ርካሽ ሆቴል ትቶ በዚያ በማደሩ ነው። የብር የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ቢያንስ ቀኑ ታወቀ፣ መግለጫ ወጣ፣ ነጋዴውም ሸማቹም ሒሳቡን አስተካከለ። የነጥብ ዋጋ ግን ያለ መግለጫ፣ ያለ ቀን፣ በየሆቴሉና በየሌሊቱ ስለሚወጣ መርከሱን የሚያውቀው አልጋ ፈልጎ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ሲነሣ የጠፋው ትልቁ ነገር የማስታወቅ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋውን ሊለውጥ የሚፈልግ ኩባንያ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደምሠራበት መንገድ ልምጣ። መጀመሪያ የማደርገው ሒሳብ ማውጣት ነው፤ ያለ ሒሳብ በነጥብ አልይዝም። የክፍሉን ሙሉ የገንዘብ ዋጋ ከነግብሩ እወስዳለሁ፤ በነጥብ ባድርም ከኪሴ የሚወጣ ክፍያ ካለ እቀንሳለሁ፤ ከዚያ ለተጠየቀው ነጥብ አካፍላለሁ። አንድ ክፍል ከነግብሩ 175 ዶላር ሆኖ 35,000 ነጥብ ቢጠየቅበት የአንዱ ነጥብ ዋጋ ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ያው ክፍል በ25,000 ቢገኝ 0.7 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በመቶ ሺህ ነጥብ ሲሰላ ግን የ200 ዶላር ልዩነት ነው። በገንዘብ ከፍሎ ማደር አዲስ ነጥብ እንደሚያስገኝም መዘንጋት የለበትም፤ ከግብር በፊት 150 ዶላር የሚከፈልበት አዳር 1,500 ነጥብ ያመጣል፤ በግማሽ ሳንቲም ሒሳብ ወደ ሰባት ዶላር ተኩል መሆኑ ነው። ሁሉንም አይቼ ቀድሞ ካገኘሁት ዋጋ ያነሰ ከሆነና ገንዘቡ ካለኝ ነጥቡን አልነካም። ነገር ግን ምንዛሪ በእጄ ከሌለ ሒሳቡ ይለያል፤ ሲያሰሉት የረከሰ የሚመስል ነጥብም ለእኔ አልጋ ነው፤ ውጭ አገር ያለው ጸሐፊ ይህን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው በጊዜ መያዝ ነው። በሚለዋወጠው ሥርዓት ውስጥ ለእኛ የተረፈልን መልካም ነገር፣ አልጋው በተያዘበትና ነጥቡ በተቀነሰበት ዕለት ዋጋው መቆለፉ ነው። ከዚያ በኋላ ቢወጣ አይመለከተኝም፤ ቢወርድ ደግሞ አዲሱን ይዤ አሮጌውን እሰርዛለሁ። በነጥብ የተያዘ አልጋ በአብዛኛው እስከተወሰነ ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፣ ነጥቡም ይመለሳል፤ የመሰረዣው ቀን ከሆቴል ሆቴል ስለሚለያይ ግን ማረጋገጫውን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ ለቪዛ አመልካች ትልቅ እፎይታ ነው። ኤምባሲ የአልጋ ማረጋገጫ ሲጠይቅ በስሜ የተያዘውን የነጥብ ማረጋገጫ አቀርባለሁ፤ ቪዛው ቢከለከል የሚጠፋ ገንዘብ የለም። እኔ የዐውደ ርእዩ ቀን እንደታወቀ፣ ገና የአየር ቲኬት ሳልቆርጥ አልጋውን እይዛለሁ፤ ከዚያም አልፎ አልፎ ዋጋውን መልሼ እመለከታለሁ።

ሌሊቶቹን ለየብቻ መፈለግም ብዙ ያተርፋል። ለአራት ሌሊት አንድ ላይ ስፈልግ ውድ ሆኖ የታየኝ ሆቴል፣ አንዱን ሌሊት ብቻ ለይቼ ሳይ ጭማሪውን ያመጣው ያ ሌሊት ሆኖ አገኘዋለሁ። ያንን ሌሊት ሌላ ቦታ ባድር ወይም በገንዘብ ብከፍል የቀሩት ይረክሳሉ። በሌላ በኩል አምስት ሌሊት የሚያድር ሰው አንዱን ያለ ነጥብ የሚያገኝበት መብት አለ፤ ማሪዮት ለአባላቱ፣ ሒልተን ደግሞ ሲልቨር ከሚባለው የአባልነት ደረጃ ጀምሮ ላሉት ይህን ይሰጣሉ። ስለዚህ አራት ሌሊት ካሰቡ አምስተኛውን ጨምሮ ማየት ይገባል፤ የመጨረሻው ቀን ለዕረፍት ወይም ለተጨማሪ ቀጠሮ ይሆናል። ከከተማው መሀል ወጣ ማለትም አለ። በርሊን በሚወደድበት ሳምንት በአጠገቧ ያለችው የፖትስዳም ከተማ ብዙ ጊዜ የተሻለች ናት፤ ኤስ 7 የተባለው የከተማ ባቡር ከፖትስዳም ተነሥቶ ከዐውደ ርእዩ ግቢ ብዙም በማይርቀው የቬስትክሮይትስ ጣቢያ ያልፋል። በሚለዋወጥ ዋጋ ውስጥ የሆቴሉ ርቀት በነጥብ ላይ የሚያመጣው ልዩነት በሠንጠረዡ ዘመን ከነበረው እጅግ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ሌላ መንገድ አዲስ አበባ ነው። ነጥብ ለውጭ ጉዞ ብቻ ነው የሚለው አሳብ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ እኔም ጥሩ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ያሉ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች ዋጋቸውን በዶላር ስለሚተምኑ፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ 8,550 ብር ይመጣ የነበረ የ150 ዶላር ክፍል፣ ዶላር 100 ብር ሲገባ 15,000 ብር ሆነ። የሚጠየቀው ነጥብ የሚከተለው የዶላሩን ዋጋ እንጂ የብሩን አይደለም። ስለዚህ ነጥቡ በሌሊት ሲቆጠር እየቀነሰ፣ በብር ሲቆጠር ግን ለእኛ የሚያድነው ወጪ ጨምሯል። ከጎንደር ለሕክምና፣ ለኤምባሲ ቀጠሮ ወይም ለበረራ አዲስ አበባ ማደር ያለበት ሰው ነጥቡን እዚያው ቢያውለው ብልህነት ነው። እንግዳ በማይበዛበት ሰሞን ዋጋው ዝቅ ሲል አግኝቼ ቤተሰቤን ለሕክምና ስወስድ ተጠቅሜበታለሁ፤ በርሊን ላይ ካገኘሁት ሁሉ የተሻለ ጥቅም ያገኘሁት በዚያ ነው።

ማብቂያ ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል። የማሪዮት፣ የሒልተንና የሃያት ነጥብ በሒሳቡ ላይ ለ24 ወራት ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ይጠፋል፤ አይኤችጂ የተባለው ኩባንያ ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ ለሌለው አባል የሚሰጠው 12 ወር ብቻ ነው። አንድ አዳር ሰዓቱን ያድሳል። አኮር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአንጻሩ 2,000 ነጥብን በ40 ዩሮ ቅናሽ ስለሚቆጥር ዋጋው አይዋዥቅም፤ ትልቅ ትርፍ የለውም፣ ድንገተኛ መርከስም የለውም። ሥራው እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ይህ መተማመኛ ከፍ ብሎ መታየት ይገባዋል።

በቅርቡ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት አስጎብኚ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ነጥብ በግማሽ ዋጋ እየሸጡ ነው፤ ገዝቼ ላስቀምጥ ወይ?» አለኝ። ኩባንያዎቹ በየጊዜው እንዲህ ያለ ሽያጭ ያወጣሉ። የትኛውን ሌሊት፣ በየትኛው ሆቴል ልትይዝበት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ አላሰበውም ነበር። ሻጩ ዋጋውን በፈለገው ዕለት የሚቀይረውን ነገር በብርቅ ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥ እንደማይገባ ነገርኩት። አልጋው አስቀድሞ ተመርጦ፣ የነጥቡ ዋጋ ታይቶ፣ የጎደለው ጥቂት ነጥብ ከሆነና መግዛቱ በገንዘብ ከመክፈል በእርግጥ የሚያንስ ከሆነ ብቻ፣ ያውም ገዝቶ በዚያው ሰዓት አልጋውን መያዝ ነው። በስልኩ ላይ ያለውን ነጥብ አብረን አየነው፤ ለሚቀጥለው ወር የኤምባሲ ቀጠሮው አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ለማደር ይበቃ ነበርና ሳይገዛ፣ ያለውን አውጥቶ አልጋውን ያዘ።